ጀልባ ጠጋኙ ድሬሰር

አሰበ ተፈሪ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ዋሸሁ። ዘመኑ 1953 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነው። የድሬሰርነት ሥልጠናዬን አዲስ አበባ ጨርሼ ወደ ከተማው ክሊኒክ ተመድቤ መምጣቴ ነበር። የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ በለጠ ምሳ ጋበዙኝና ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ተቀምጠን ሳለ አገሬ የት እንደሆነ ተጠየቅኩ። ደብረ ታቦር ማለት ሲገባኝ “ጣና ዳር” አልኩ።

ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ደብረ ታቦር ብል ማንም ሁለተኛ ጥያቄ እንደማይጠይቀኝ ስለገባኝ ይሆናል። ጣና ስል ግን ገበታው ዙሪያ ያለው ሁሉ ቀና አለ። አንዱ ጉማሬ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሞልቷል አልኩ። ሌላው ታንኳ መቅዘፍ እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። እግሬ መሬት ሳይረግጥ እጄ መቅዘፊያ ይዟል አልኩት። እውነቱን ለመናገር ጣናን በሕይወቴ ያየሁት ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ሁለቱንም ጊዜ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ከሩቁ ነው። ዋና አልችልም። ወንዝ እንኳ የምሻገረው ጫማዬን ሳላወልቅ የምረግጠው ድንጋይ ካለ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የክሊኒኩ ሰው “የጣና ልጅ” እያለ ይጠራኝ ጀመር። ስሜ ኃይለየሱስ መሆኑን ያወቁት ደመወዝ ሲፈርሙ ብቻ ነበር። እኔም ስሙን ወደድኩት። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ያለ ምንም ችግር ኖርኩበት፤ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ሐይቅ የለምና ማን ይፈትነኛል?

በ1955 ሰኔ ላይ ግን ጀልባው ራሱ መጣ። አንድ የጭነት መኪና ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከከተማው በላይ ባለው ጠመዝማዛ ላይ ተገለበጠ። ሾፌሩ ክንዱ ተሰብሮ ነበርና እኔ በጄሶ አሰርኩለት። ጭነቱ ውስጥ የነበረው ጀልባ ከመኪናው ተፈናጥሮ፣ የማሽላ ማሳ አቋርጦ፣ ቋጥኝ ላይ አርፎ ተገኘ። ርዝመቱ ስምንት ክንድ ቢሆን ነው። ሆዱ ላይ ሁለት ክንድ የሚረዝም ስንጥቅና ጭብጥ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው። ፊት ለፊት የተሸፈነው የላይኛው ወለል ደግሞ በአንድ ጎን ተላጦ ተነስቷል።

ባለቤቱ አንድ የድሬዳዋ ግሪክ ነበር። አሮጌ ጀልባውን ወደ ደቡብ ሐይቆች እየላከው ኖሯል። መጥቶ ሁለት ጊዜ ዞረው፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። ከዚያ ሾፌሬን ስላዳናችሁልኝ ጀልባውን ለክሊኒኩ ሰጥቻለሁ አለ። መጠገኛ ዕቃ ያለበት አንድ የእንጨት ሣጥንም ጨመረልን። ከምን እንደተሠራ ሲጠየቅ፣ ከመስታወት ክር ነው ብሎ መለሰ። በማግስቱ ከተማው ሁሉ “የመስታወት ጀልባ” እያለ ሊያየው መጣ፤ ብዙዎቹ በውስጡ የሚያሳይ መስሏቸው ነበርና እንደ ማንኛውም ነገር የማያሳይ ሆኖ ሲያገኙት ቅር ብሏቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ጀልባው በክሊኒኩ ጓሮ ተጋደመ። የዘበኛው ፍየሎች የላይኛውን ወለል መውጫ አደረጉት። ዶሮዎች እንቁላል ጣሉበት። ተራ የሚጠብቁ በሽተኞችም ፀሐይ ይሞቁበት ነበር። እኔ በአጠገቡ ሳልፍ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ እያየሁት፣ አንድ ቀን ጊዜ ሳገኝ አንድ ነገር አደርገዋለሁ እል ነበር። ጊዜ ሞልቶኝ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት በነሐሴ ከቦኬ ከተማ መልእክት መጣ። ከቦኬ በታች ቆላው ውስጥ ሀሮ ቡሳ የሚሉት ውሃ አለ፤ በኦሮምኛ የወባ ሐይቅ ማለት ነው። በበጋ ከኩሬ አይበልጥም፤ ክረምት ሲገባ ግን ሜዳውን ሁሉ ይይዝና ማዶ ያለውን መንደር ከሰው ይለየዋል። ከጎኑ ያለው ወንዝም ስለሚሞላ ዞሮ መሄጃ የለም። ማዶ ፈንጣጣ ገብቷል ተባለ። አቶ በለጠ ክትባቱን አስይዘው እኔን ላኩኝ። ውሃው ዳር ደርሼ ቆምኩ። ከማዶ ሰዎች ይጮሁ ነበር፤ የሚሉት አይሰማም። ሦስት ቀን ወንዙ እንዲጎድል ጠበቅሁ። አልጎደለም። ክትባቱ በሙቀት ተበላሸብኝና ተመለስኩ።

በጥቅምት ውሃው ሲሸሽ ሄድኩ። ሃያ ሦስት አዲስ መቃብር ቆጠርኩ። አብዛኞቹ አጫጭር ነበሩ።

ይህን ለአቶ በለጠ ነገርኳቸው። እሳቸውም መስኮቱን ከፍተው ወደ ጓሮው ተመለከቱና፣ “ጀልባ አለን፤ የጣና ልጅ አለን። ከዚህ በላይ እግዚአብሔር ምን ያድርግልን?” አሉ።

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። የወጣው ቃል ግን “ቀላል ነው” የሚል ሆነ።

ሥራውን የጀመርኩት በ1957 ጥር ላይ ነው፤ እስከ ሰኔ ማለቅ ነበረበት። እንዲያግዘኝ አናጺው ዓሊዩ ተቀጠረ። ዓሊዩ በርና መስኮት ይሠራል፤ የጭነት መኪና የኋላ ሣጥን፣ ካሮሴሪውንም ይሠራል። ዝምተኛ ሰው ነው። የምለውን ሁሉ ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ መዶሻውን ያነሳል። ይህ ዝምታው መጀመሪያ ላይ ለእውቀቴ ያለው አክብሮት መስሎኝ ነበር።

የግሪኩን ሣጥን ከፈትኩ። ወፍራም፣ የማር መልክ ያለው ሙጫ የያዙ ሁለት ቆርቆሮዎች ነበሩ፤ የአንደኛው ግማሽ ጠጥሯል። እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ያለበት አንድ ትንሽ ጠርሙስ ነበር። ከመስታወት ክር የተሠራ ነጭ ጨርቅም በጥቅል ነበር። የአሠራሩ ወረቀት በፈረንሳይኛ ነው። ዓሊዩ ፊት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ያነበብኩ መስዬ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ፈረንሳይኛ አንድ ቃል አላውቅም፤ ግን ነገሩ ግልጽ ሆኖ ታየኝ። ጨርቅ አለ፣ የሚያጠጥረው ነገር አለ፤ ይህ የአጥንት ጄሶ እንጂ ምን ሊሆን ነው? ጄሶ ደግሞ ማንም አይበልጠኝም።

ውጭ ነፋስ ስለነበር ሙጫውን ቁስል ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ በክሊኒኩ ትልቁ ሳህን ላይ ገለበጥኩት። የትንሿን ጠርሙስ ግማሽ ጨመርኩበት። በብሩሽ ማማሰል ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ሳህኑ ሞቀ። ደስ አለኝ፤ ጄሶም ሲጠጥር ይሞቃልና። ቀጥሎ ሳህኑን በእጄ መያዝ አቃተኝ። ቀጥሎ ጢስ ወጣ። ጢሱ ዓይን የሚያቃጥል ነበርና በአገናኝ መንገዱ ተራ ይጠብቁ የነበሩ በሽተኞች ሁሉ ወጥተው ሮጡ፤ ሦስት ወር ሙሉ በምርኩዝ ሲመጣ የነበረ አንድ ሰውዬ ምርኩዙን ጥሎ ከሁሉም ቀድሞ አጥሩ ጋ ደረሰ። ባየች የምትባለው የጽዳት ሠራተኛ አሸዋ አምጥታ ደፋችበት።

አቶ በለጠ ከቢሯቸው ወጥተው ሳህኑን አዩ። ብሩሹ መሃል ላይ እንደ ምሰሶ ቆሞ ደርቋል።

“ጣና ላይ እንዲህ ነው የሚሠራው?” አሉኝ።

የደጋው አየር ነው አልኳቸው። ሌላ ሳህን እንዲገዛ ጽፈው ገቡ።

ከዚህ በኋላ ትንሿን ጠርሙስ መፍራት ጀመርኩ። በሁለተኛው ሙከራ ለአንድ ሙሉ ጣሳ ሙጫ አሥር ጠብታ ብቻ አደረግሁ። ስንጥቁ ላይ ሙጫውን ቀባሁ፤ ጨርቁን አለበስኩት፤ ደግሜ ቀባሁ፤ ያማረ ሥራ ነበር። ሲነጋ አልደረቀም። በሦስተኛው ቀንም አልደረቀም። በአምስተኛው ቀን የከተማው ዝንብና አቧራ ሁሉ ተሰብስቦበት ነበር፤ የዘበኛው ዶሮም በአንድ ክንፏ ተጣብቃ ስትጮህ አገኘናት። ላባዋን በመቀስ ቆርጬ አስለቀቅኋት። ያንን ጉድ በላምባና በቢላ ፍቆ ማንሳት አንድ ሳምንት ፈጀብን።

ቀጥሎ የተጎዳውን ገላ መሞረድ መጣ። ዓሊዩ እጅጌውን በገመድ አስሮ፣ ፊቱን በሽርጡ ጠቅልሎ ነው ሞረድ ያነሳው። እኔ እጀ ጉርድ ሸሚዜን ለብሼ፣ ሐኪም ሰው አቧራ አይፈራም ብዬ ገባሁበት። የመስታወት አቧራ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ማታ ነው። ከአንገቴ እስከ ወገቤ አሳከከኝ፤ ባከክሁ ቁጥር ባሰብኝ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስለ እከክ በሽታ ትምህርት የምሰጥበት ቀን ነበር። አራተኛ ክፍል ፊት ቆሜ እከክ እንዴት እንደሚተላለፍ እያስረዳሁ በአንድ እጄ ጠመኔ፣ በሌላው ብብቴን እያከክሁ ነበር። ልጆቹ ማከክ ጀመሩ። አስተማሪያቸውም ማከክ ጀመረች። ዕለቱን ወሬው ክሊኒክ ደረሰ፤ ድሬሰሩ ራሱ እከክ ይዞታል ተባለ። አቶ በለጠ ደንብ ደንብ ነው ብለው የድኝ ቅባት ሦስት ቀን እንድቀባ አዘዙ። ጀልባው ነው ብላቸው አላመኑኝም። በዚያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ በበዓል ቀን መቆሚያ በማይገኝበት ቦታ በአራቱም ማዕዘን ሁለት ሁለት ክንድ ባዶ ቦታ አገኘሁ።

የጫት ነጋዴዋ ሞሚና ወደ ታሪኩ የገባችው በዚህ ጊዜ ነው። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ሁሉም በአክብሮት አዴ ሞሚና የሚላት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጫት ይዛ ወደ ሚኤሶ ባቡር የምትወርድ ሴት ነበረች። እጇ በፈላ ውሃ ተቃጥሎ ነበርና አንድ ቀን እየዘለለች ቁስሏን ለማሳሰር ትመጣለች። ተራዋን ስትጠብቅ ጀልባው ጠርዝ ላይ ትቀመጥና ስንሠራ ታየናለች። አንድ ቀን ዓሊዩ ለሰላት ሲሄድ ብቻዬን ሆንኩ። ሞሚና ከአንገቷ ቁልፍ አውጥታ የላይኛውን ወለል መታ መታ እያደረገች በዳር በዳር ዞረች። ጫፉ ላይ ጥርት ያለ ድምፅ ነበረው፤ መሃሉ ላይ ግን እንደ በሰበሰ ቅል ዱብ ዱብ አለ።

“ይሄ ሞቷል” አለችኝ፤ በኦሮምኛም ደገመችው። “ዱኤራ። ውስጡ እንጨት አለ፤ እንጨቱ በስብሷል። ከላይ ብትቀባው ምን ይሠራል?”

እንዴት አወቁ ብዬ ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ከዓመታት በፊት ጅቡቲ ነበረች። ባሏ ወደቡ ላይ ጀልባ ጠጋኝ ነበር። በየቀኑ ምሳውን ተሸክማ ትሄድና እስኪጨርስ ቁጭ ብላ ታየው ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት። መጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ ፈረንጆቹ እንዲህ ያለ የመስታወት ጀልባ ማምጣት ጀምረው ነበር። ባሏ ሲሞት ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ያየችው የመጀመሪያ ጀልባ ይህ እኛ ጓሮ ያለው ነው።

ከዚያ ዓይኔን አየችኝ።

“አንተ ግን ጀልባ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?”

የሞረድ እጀታ ይዤ ቆምኩ። “አላውቅም” አልኳት። አራት ዓመት ሙሉ ሳልለው የቆየሁት ቃል ነበርና ሲወጣ ድምፄ የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማኝ።

“ጣናስ?”

“ከመኪና ላይ አይቼዋለሁ። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ።”

አልሳቀችም። ብትስቅ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ቁልፏን አንገቷ ውስጥ መለሰችና፣ እሷ እንደምታሳየኝ፣ ለአቶ በለጠም እንደማትናገር፣ ነገር ግን ለዓሊዩ ዛሬውኑ መናገር እንዳለብኝ ገለጸችልኝ። ሰውየው ጉልበቱን በማይረባ ነገር ላይ እያፈሰሰ ነው አለች። አንድ ሌላ ነገርም አስቀመጠች፤ ጀልባው ሲያልቅ እሷም ትሳፈራለች።

ዓሊዩ ሲመለስ ነገርኩት። መናገሩ ቀላል አልነበረም፤ ስለ ደብረ ታቦር የአየር ጠባይ ሁሉ አስረድቼ ነው እዚያ የደረስኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

“አውቃለሁ እኮ ሐኪም” አለ። “መጀመሪያ ቀን ፊቱ የቱ ነው ብዬህ በሰፊው በኩል አሳየኸኝ። ሹሉ እያለ።”

ታዲያ ለምን ዝም አልክ ስለው፣ ሳትጠይቀኝ ብናገር ታፍር ነበር አለኝ። ከዚያ መዶሻውን አነሳ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ሥራ ሆነ። ሞሚና ቁስሏ ከዳነም በኋላ ከሚኤሶ በተመለሰች ቁጥር እየመጣች ጥላ ሥር ትቀመጥና ታዘናለች። የላይኛውን ወለል ቆዳ በመጋዝ ዙሪያውን ቆርጠን እንደ ክዳን አነሳነው። ውስጡ የነበረው እንጨት ጠቁሮ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ በእጅ የሚዛቅ ገንፎ ሆኗል። በማንኪያ አወጣነው። ዓሊዩ በምትኩ የደረቀ ዋንዛ መረጠ፤ እሱ ወዴሳ ይለዋል፤ ቀላል ነው፣ አይጣመምም አለ። ስስ ስስ አድርጎ ሰንጥቆ ልክ በልክ ገጠመው፤ ቆዳውንም መልሰን በሙጫ ከደንበት።

ስንጥቁንና ቀዳዳውንም እንዲሁ ከሥሩ ጀመርን። ዓሊዩ ጠርዙን እንደ ዳገት ቀስ እያለ እንዲሳሳ አድርጎ ሞረደው፤ አለዚያ አዲሱ አሮጌውን አይዝም አለች ሞሚና። ሙጫው የሚለካው በቡና ስኒ ነው፤ ለአንድ ስኒ ሃያ አምስት ጠብታ። ጠብታውን እኔ እቆጥር ነበር። በመርፌ ሲሪንጅ እየሳብኩ አንድ በአንድ ስቆጥር ሞሚና አብራኝ በፈረንሳይኛ ትቆጥራለች፤ ሁለታችን ካልተስማማን ስኒው ይደፋል። ጉም ባለበት ጠዋት አይሠራም። ፀሐይ ወጥታ ጤዛው ሲደርቅ፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ፣ በጥላ ሥር ብቻ።

ጨርቁን ማልበስ ላይ ስንደርስ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ዓሊዩ ሲያለብሰው ከሥሩ አየር እየያዘ ይነፋበት ነበር። እኔ ተቀበልኩት። እርጥብ ፋሻ የሰው እግር ላይ ሳላጨማድድ፣ አየር ሳልተው ማልበስ ከሥልጠናዬ ጀምሮ የስድስት ዓመት ሥራዬ ነው፤ እጄ ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል። ከመሃል ወደ ዳር በጣቴ ጫፍ እየገፋሁ፣ በጠርሙስ እያንከባለልኩ አራት ድርብ አለበስኩት። ሞሚና ጎንበስ ብላ አየችው። ባሌም ከዚህ አያሳምረውም አለች። ሰው ያሞገሰኝ ብዙ ጊዜ ነው፤ ያለ ውሸት የተሞገስኩት ግን ያን ቀን ይመስለኛል። በማግስቱ ጠዋት በጥፍሬ ብመታው እንደ ድንጋይ ጮኸ።

በግንቦት መጨረሻ አለቀ። የቀባነው በክሊኒኩ በሮች ቀለም ነው፤ ሌላ ስላልነበረ የሆስፒታል አረንጓዴ ሆነ።

ሐምሌ ላይ በጭነት መኪና እስከ ቦኬ ወሰድነው። ከዚያ ወደ ታች መኪና ስለማይሄድ ሠላሳ ስድስት ሰዎች በእንጨት ተሸክመው ግማሽ ቀን ሄዱ። ሀሮ ቡሳ ሞልቶ ነበር። ዳሩ ላይ የቦኬ ሰው ተሰብስቧል። አቶ በለጠ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው በበቅሎ መጥተው ነበርና ንግግር ጀመሩ። በጣና ውሃ ላይ ተወልዶ ያደገ ልጃችን ሲሉ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ “አቶ በለጠ፣ እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ጀልባ አላውቅም። የጠገኑት አዴ ሞሚናና ዓሊዩ ናቸው” አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “አውቃለሁ። ማኅደርህ መጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል” አሉኝ።

“ታዲያ ለምን እኔን አዘዙኝ?”

“ማንን ልዘዝ? ሌላው ሁሉ አልችልም አለ።”

ከዚያ ንግግራቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ የሞሚናንና የዓሊዩን ስም ግን ጨመሩበት።

ጀልባው ውሃ ላይ ተቀመጠ። ሞሚና ቢስሚላሂ ብላ ከሁላችን ቀድማ ገባችና በስተኋላ መቅዘፊያ ይዛ ተቀመጠች። ዓሊዩ ረጅም ዘንግ ይዞ ፊት ቆመ። እኔ የክትባቱን ፔርሙዝ በጉልበቶቼ መሃል አጥብቄ ይዤ መሃል ላይ ተቀመጥኩ፤ ወይም ፔርሙዙ እኔን ይዞኝ ነበር። ከዳር ስንርቅ ዘወር ብዬ ሞሚናን ባያት ፊቷ በእንባ ርሷል። እጇ ግን መቅዘፊያውን አልተወም።

መሃል ላይ ስንደርስ እግሬ ረጠበ። ወደ ታች ሳይ ውሃ አለ። ሠርተን ሠርተን ፈሰሰ ብዬ ባርኔጣዬን አውልቄ ውሃውን መጭለፍና ወደ ሐይቁ መድፋት ጀመርኩ፤ ጀልባው ከመጭለፌ ብዛት ይወዛወዝ ነበር። ሞሚና ጎንበስ ብላ ጣቷን ነከረችበት።

“ቀዝቃዛ ነው” አለች። “የሐይቅ ውሃ ሙቅ ነው። ይሄ ያንተ በረዶ ነው፤ ክዳኑን ግጠም።”

ከላምባው ፍሪጅ ያመጣሁት በረዶ ከፔርሙዙ እየፈሰሰ ነበር። ግጠም ብላኝ እስክገጥም ዓሊዩ ጀርባውን ሰጥቶኝ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። አምስት ወር ሙሉ አብረን ስንሠራ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማዶ የመንደሩ ሰው ዳሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ማንም አልጮኸም። መመዝገቢያዬን ዘርግቼ መክተብ ስጀምር መጀመሪያ የመጣችው ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ነበረች፤ አንዲት ልጅ በቀሚሷ ተጠግታለች። ክንዷን ከመስጠቷ በፊት ወደ ጀልባው ሄዳ ሆዱን በመዳፏ ዳሰሰችው። ተመልሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀች። ወደ ዓሊዩ ዞርኩ። ምን አለች ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት።

“አምና ይሄ ጀልባ የት ነበር ትላለች” አለኝ።

እኔ ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ ሰው ነበርኩ። ስለ ደጋ አየር፣ ስለ ሙጫ፣ ስለ ፈረንጅ ሥራ ብዙ መናገር እችል ነበር።

“ጓሮ ነበር በላት። ፍየል ይወጣበት ነበር።”

ዓሊዩ ነገራት። ሴትዮዋ ወደ እኔ ተጠጋች። ከዚያ መጀመሪያ የልጅቱን ክንድ፣ ቀጥሎ የራሷን ሰጠችኝ። እሷን ልከትብ መርፌውን አንስቼ መልሼ ሳስቀምጠው እሷው ክርኔን ያዘችልኝ። አምና ሁለት ወንዶች ልጆቿን እንደቀበረች የነገረኝ ሌላ ሰው ነው፤ እሷ አልተናገረችም።

ሁለት ቀን እዚያው አደርን። መቶ አርባ ስድስት ሰው ከተብን። አንድ ሽማግሌ እምቢ ብለው ነበር፤ ሞሚና አጠገባቸው ተቀምጣ ስለ ጅቡቲ ስታወራቸው ቆይታ ክንዳቸውን ራሷ ይዛ አመጣችልኝ።

ያ ጀልባ ከዚያ በኋላ ስድስት ክረምት አገለገለ። ዓሊዩ ከማዶ ሁለት ሰው ዘንግ አያያዝ አስተማረ፤ ላዩ በተላጠ ቁጥርም በበጋ እየወረደ ያድሰው ነበር። ፈንጣጣ ያንን ውሃ ተሻግሮ ሲመለስ እኔ እዚያ በነበርኩበት ዘመን አልሰማሁም። ሞሚና ግን ሁለተኛ አልተሳፈረችም። አንድ ጊዜ በቂዬ ነው አለች።

በዚያ የመጀመሪያ ጉዞ ስንመለስ ያቺ ሴት ልጇን ይዛ መጣችና ቦኬ ገበያ ልትሄድ እንደምትፈልግ ተናገረች። በክረምት ገበያ ሄዳ አታውቅም። መሃል ላይ፣ ከእኔ ትይዩ አስቀመጥናት። ጀልባው ከዳር ሲላቀቅ ልጅቱን በጭኗ መሃል አጥብቃ፣ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች። እኔም በበኩሌ ያለውን ጠርዝ እንደዚያው ይዤ ነበር። እጆቼን አየቻቸው። እኔም የእሷን አየሁ። ፈገግ አለች፤ ወይም መሰለኝ። ሁለታችንም እስክንደርስ ጠርዙን አልለቀቅንም።